ባኦኩይ ሰፌድ ላይ የተቀመጠ ዕለት

ጎረቤቴ ሹ ባኦኩይ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ አፉና አፍንጫው ብቻ ናቸው። አፉ ከወሬ፣ አፍንጫው ከማስነጠስ አያርፍም። እንዲህ ያለ ሰው የፊላ ዱቄት ከሚነፋበት ቤት ሚስት ሲያገባ ጉድ ፈላ።

እኛ የዌይሻን ሐይቅ ዳር ሰዎች በበጋ ውኃው ዳር የሚበቅለውን የፊላ ሣር ራስ ቆርጠን እናደርቅና ቢጫ ዱቄቱን እንነፋለን። ደም ያቆማል እያሉ መድኃኒት ቀማሚዎች ይወስዱታል። ዱቄቱን ትንፋሽ እንኳ ይበትነዋል። ስለዚህ በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ማራገቢያ ጠፍቶ፣ ሰው ሁሉ በላብ እየቀለጠ ዝም ብሎ ይሠራል። መሳቅ ክልክል ነው።

ባኦኩይ ሚስቱን ሊያንፋንን ወደ ቤቱ አላመጣም፤ እሱ ነው እናቷ ቤት የገባው። በገባበት በጋ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ አስነጠሰ። የስንት ቀን ልፋት ጣሪያው ላይ ተለጠፈ፤ አማቱ እማማ ቺውም እስከ ቅንድባቸው ቢጫ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርተውት አያውቁም። «ነፋሱ ኑድሉን በልቷል?» ነው የሚሉት።

የነፋሱ ሥራ ውጭ ቆሞ የእማማ ቺውን ዝይ ከበሩ ማራቅ ሆነ። ዝይው ደግሞ የልብ ወዳጃቸው ነው።

«ዝይውን እንኳ ልጄ ይሉታል!» ይለኝ ነበር ባኦኩይ። ቀልድ አልነበረም፤ ያንገበግበው ነበር።

ዘንድሮ ግን ለመናቸው። «እማማ፣ ያስገቡኝ። እንደ ድንጋይ ነው የምሆነው።»

«ድንጋይ አያወራም፣ ነፋሱ።»

ሊያንፋን አዘነችለትና አፉን በፎጣ አሰረችው፤ አፍንጫውን በልብስ መቆንጠጫ ያዘችለት። እማማ ቺው ዞር ዞር ብለው አዩት። «እንዲያውም አምሮበታል» አሉና አስገቡት።

እውነቱን ለመናገር ትንፍሽ አላለም። ላግዛቸው ገብቼ፣ እሱን እያየሁ ሳቄን ለማፈን ጉንጬን የነከስኩት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ግን ማናችንም ልብ አላልንም፤ ዘበኛው ውስጥ ከገባ በሩን ማን ይጠብቃል?

ዝይው በሩን በደረቱ ገፍቶ ገባ። ያን ሁሉ ቢጫ ሰው ሲያይ ደነገጠና ክንፉን ያርገበግብ ጀመር። የተነፋው ዱቄት በሰፌድ ተከምሮ መሀል ወለሉ ላይ ነበር። ጠርዙ ብን ማለት ሲጀምር ሁላችንም ደርቀን ቀረን። ባኦኩይ ብቻ ዘሎ ሰፌዱ ላይ ዘፍ አለ። ሰውዬው ሰፊ ነው፤ መቀመጫውም እንደዚያው። ከሥሩ ምንም አላመለጠም። ያን መድኃኒት የወሰደ ሰው ይህን ባይሰማ ይሻለዋል።

እማማ ቺው ወንፊታቸውን ይዘው ዝይውን አሳደዱት። «ውጣ፣ አንተ የማትረባ!» ከዚያ ዞር ብለው ጮኹ፤ «ባኦኩይ! ልጄ! እንዳትነሳ!»

ዝይው ወጣ፤ በሩ ተዘጋ፤ የበነነውም ረጋ። ሊያንፋን የባሏን ሱሪ የምታራግፍበት ንጹህ ጨርቅ ይዛ ቀረበች። እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«በቃ ተነሳ እንጂ!» አሉት አማቱ።

ፎጣውን ከአፉ ዝቅ አደረገ። «መጀመሪያ ቅድም የጠሩኝበትን ይድገሙልኝ።»

እማማ ቺው ወደ እኔ አዩ፤ እኔም ወደ ጣሪያው አየሁ።

«ተነሳ፣ ልጄ» አሉት ቀስ ብለው። «አፍንጫህን ግን እንዳትነካ።»