የወይጦ ግሪሳ

የወንድሜ ልጆች ጂንካ ቤታችን ሳሎን ውስጥ ዳይስ እየጣሉ እንደ ተረት የሚቀጥል ጨዋታ ይጫወታሉ። ታላቋ ትተርካለች፤ ታናሿ በተረቱ ውስጥ ሰይፍ ይዛ ትዋጋለች፤ መምታት አለመምታቷን ዳይሱ ሲጣል የሚወጣው ቁጥር ይወስናል።

«የወፍ መንጋ መጣብሽ» አለቻት ታላቋ።

«የትኛዋን ልምታ?»

ክው አልኩ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ወይጦ ወንዝ ዳር። ልጅ ሆኜ ከጎረቤታችን፣ ከጸማይ ብሔረሰብ ከሆኑት ሽማግሌ፣ ጋር ማማ ላይ ወጥተን የዓመት ቀለባችንን፣ ማሽላውን፣ ከወፍ እንጠብቃለን። ግሪሳው ከወንዙ ማዶ እንደ ጭስ ተነሳና ፀሐይዋን ጋረዳት። ወንጭፌን አሽከርክሬ ለቀቅኩበት። መንጋው ተከፈተ፣ ድንጋዬን አሳለፈ፣ መልሶ ገጠመ። አንዲት ላባ እንኳ አልወደቀችም።

«አባባ፣ የትኛዋን ልምታ?» አልኳቸው እያለቀስኩ።

ወንጭፉን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት።

«ይሄ ብዙ ወፍ አይደለም፤ አንድ ነው። ትልቅ። እዪው።»

አየሁት። የክንፉ ነፋስ ፊቴን መታኝ። ማሽላው ላይ ሲያርፍ ማሳው በሙሉ ከክብደቱ የተነሳ አጎነበሰ። መንጋው ብድግ ሲል አገዳው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀና አለ፤ ባዶውን።

«አክስቴ፣ አንቺ ንገሪኝ፣ የትኛዋን ልምታ?» ታናሿ ዳይሱን ጨብጣ ታየኛለች።

ቀስ ብዬ ከእጇ ወሰድኩት።