ሃያ ሰባተኛዋ ፊርማ

የክፍሉ በር ሲከፈትልኝ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ጫማዬን ማውለቅ ነው። ነጠላ ለብሻለሁ፣ ቦታው ድንግዝግዝ ያለ ነው፣ ከፊቴ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። እግሬ ቤተ ክርስቲያን የደረሰ መሰለው። ጫማዬን በሩ ጥግ አስተካክዬ አስቀመጥኩና ገባሁ።

«ተሳልመሽ ግቢ እንግዲህ» አለች አንዷ። ሁሉም ሳቁ።

የተናገረችው ካቦዋ ነበረች፤ የክፍሉ እስረኞች አለቃ። ካዛንቺስ ትንሽ ግሮሰሪ የነበራት፣ ድምፅዋም ትከሻዋም ሰፊ የሆነ ሴት ናት። ከጎረቤቷ ጋር በወንበር ተደባድባ ነው የገባችው። ጣቢያው ቂርቆስ ውስጥ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አልጽፍም። ክፍሉ የሳሙናና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ነበረው። ሴቶቹ አሥራ አንድ ነበሩ፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ ሆንኩ።

«ክስሽ ምንድን ነው?» አለችኝ ካቦዋ።

«ስብሰባ።»

«የምን ስብሰባ?»

«የዩኒቨርሲቲ የክርክር ክበብ ነው። ማለቴ፣ ተማሪዎች ተሰብስበን እንከራከራለን።»

«ስትከራከሩ ተደባደባችሁ?»

«ኧረ በፍጹም። አጨብጭበን ነው የምንለያየው።»

«ስንት ሆናችሁ?»

«ዘጠኝ።»

«ለዘጠኝ ሰው ነው ፒካፕ ሙሉ ፖሊስ የተላከው? እኔን ያመጣኝ አንድ ፖሊስ ነው፤ እሱም በእግሩ።» ቅር ያላት ትመስል ነበር።

እኔ የክበቡ ጸሐፊ ነበርኩ። የዕለቱ ርዕስ «ሰፈር ሲፈርስ ጎረቤትነት አብሮ ይፈርሳል ወይ?» የሚል ስለሆነ ግቢያችን አዳራሽ ከለከለን። ካዛንቺስ ውስጥ ገና ያልፈረሰ የእድር አዳራሽ ለምነን አገኘን። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ተከራካሪ ታዳሚውን ሰላም ብሎ ሳይጨርስ ፖሊሶች ገቡ። እኔንና ስምንት ወንዶችን ወሰዱን። የታዳሚዎች መፈረሚያ ወረቀቱንም ወሰዱት። ችግሩ እሱ ነው፤ ወረቀቱ ላይ አርባ አራት ሰው ፈርሟል።

የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ደንብ ነበረው። ከአርባ ሰው በታች የታደመበት ዝግጅት እንደ ዝግጅት አይቆጠርም፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ ክበቡ ይዘጋል። እኛ አንዱን ጊዜ ጨርሰናል። የክበባት ቀን ዕለት ጠረጴዛችን ላይ ፈንዲሻ ስለነበረ ብዙ ተማሪ ተመዝግቦልን ነበር። ፈንዲሻ በሌለበት ቀን ግን «በቃ አንቺው ፈርሚልኝ» ነው መልሳቸው። ያን ቅዳሜ ሰው ስጠብቅ ቆየሁና፣ አማትቤ፣ ለሠላሳ አራት ሰው ፈረምኩ። ጠንቃቃ ነኝ። በሰማያዊ፣ በጥቁርና በአረንጓዴ እስክሪብቶ ነበር የፈረምኩት፤ ጥቂቱን ደግሞ በግራ እጄ።

ዘጠኝና ሠላሳ አራት አርባ ሦስት ነው። የቀረችው በሃያ ሰባተኛው መስመር ላይ ራሷ የፈረመች የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት። ከክፍለ ሀገር ከመጣች ሦስት ወር ያልሞላት፣ ክርክር ምን እንደሚመስል ለማየት ብቻ የመጣች ልጅ። ለታዳሚው ውሃ እንድትገዛ ልኬያት ነበር። ካዛንቺስ ፈርሶ ሱቅ ስላልቀረ ቡልጋሪያ ሰፈር ድረስ ሄደች። ፖሊስ የመጣው እሷ ታክሲ ውስጥ እያለች ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መርማሪው አስጠራኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ሠላሳ አምስቱ በየት አመለጡ? አዳራሹ ያለው አንድ በር ነው።»

«አላመለጡም። አልመጡም።»

«ሳይመጡ ፈረሙ?»

«እኔ ነኝ የፈረምኩላቸው።» ደንቡን አስረዳሁት።

«እና ሰው አጥታችሁ ነው።»

«ሰው አጥተን ነው።»

ከእስሩ ይልቅ ይሄኛው አሳፈረኝ።

«ደህና» አለ። «ሰኞ ጠዋት ሠላሳ አምስቱንም እዚሁ ፊቴ ትፈርሚያለሽ። ያቃተሽን ፊርማ ባለቤቱን ካለበት አስመጥቼ እጠይቃለሁ።»

ሠላሳ አራት ነው ማለት ነበረብኝ፤ እውነቱ እሱ ነበር። አላረምኩትም። ያቺ ልጅ የዚያን ክፍል በር ስትገባ ታየኝ፤ ምናልባት እሷም ጫማዋን ታወልቅ ይሆናል።

ተመልሼ ለካቦዋ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ወደ ጥጉ ዞረች።

«እትዬ፣ ሥራ መጥቶልሻል።»

ጥጉ ላይ መነጽር ያደረጉ ቀጭን ሴትዮ አሮጌ ጋዜጣ ያነባሉ። የተጠረጠሩት የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀትና የሥራ ልምድ ለሚፈልግ ሁሉ በማዘጋጀት ነው።

«ተጠርጥሬ ነው» አሉኝ ቀና ብለው። «ፊርማዋን አምጪው።»

«እኔ ጋ የለም፣ እትዬ። በደንብም አላስታውሰውም።»

«ሳላይ አልሠራም» አሉና ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ፤ ልክ እንደ ሐኪም።

እሑድ ጠዋት የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደወል ተሰማ። ቅዳሴ ሲያመልጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የምችለውን ጸሎት አደረስኩ። አራት ሰዓት ላይ ጠባቂዋ አንድ እሽግ ውሃ ይዛ ገባች።

«አንዲት ልጅ ጥላልሽ ሄደች። ስምሽ ማነው ስላት ‹ተማሪ› ብላኝ ሮጠች።»

አሥራ ሁለት ጠርሙስ ነው፤ ለታዳሚው የተላከችበት ውሃ። ጠርሙሶቹ መሃል የታጠፈ ወረቀት ነበር። ስዘረጋው የገዛ ቅጻችን ነው። በክበባችን ሃያ ሰዓት በበጎ ፈቃድ ያገለገለ ተማሪ ሰርተፍኬት ያገኛል፤ ለአዲሶቹ ሁሉ «ያልተፈረመበት ሰዓት እንዳልተሠራ ይቆጠራል» ብዬ ያስጠነቀቅሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ ሞልታዋለች።

የተሰጠ አገልግሎት፦ ውሃ ማድረስ። ቦታ፦ አዳራሽ፤ በኋላ ፖሊስ ጣቢያ። ሰዓት፦ ከቅዳሜ ስምንት እስከ እሑድ አራት። የፈጻሚ ፊርማ የሚለው ላይ ፈርማለች። የኃላፊ ፊርማ የሚለው ባዶ ነው። ሥሩ ላይ በትንንሹ «እህቴ፣ ሲመችሽ» የሚል ተጽፏል።

ካቦዋ በጣቷ ቆጠረች። «ሃያውን በአንድ ጊዜ ሞላችው እኮ። እንቅልፏንም አስቆጥራለች።»

እትዬ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩት። ፊርማው እንደ ቀንድ አውጣ ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ረጅም ጭራ አውጥቶ፣ በነጥብ የሚያልቅ ነው።

«ደስተኛ ልጅ ናት» አሉ። «ያስቸግራል።»

ካቦዋ ተነስታ አጨበጨበች። «ሥልጠና አለ። ሽንት ቤት የምትሄድ አሁን ትሂድ።»

አሥራ ሁለታችንም ተቀመጥን። እስክሪብቶ ክልክል ነው፤ ስለዚህ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ተገለበጠ፣ ጀርባው ሳሙና ተቀባ፣ ጣታችን እስክሪብቶ ሆነ። እትዬ ጀሪካን ላይ ተቀመጡ። ካቦዋ «አንቺ ጸሎተኛዋ፣ በጸሎት ክፈቺልን» አለችኝ። አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርኩ። ወደ ፈተና አታግባን የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ጠፋ፤ እነሱ ጨረሱልኝ።

«ሰርተፍኬት አለው?» አለች ከኋላ አንዷ።

«ከፈለጋችሁ እሠራላችኋለሁ» አሉ እትዬ፣ ፈገግ ሳይሉ።

ትምህርታቸው አጭር ነበር። «ቀስ ብለሽ አትፈርሚ። ቀስ የሚል የሰው ፊርማ የሚፈርም ነው። ባለቤቱ ይቸኩላል። ትንፋሽሽን ያዢ፣ ጀምሪ፣ ጨርሺ፣ ከዚያ ተንፍሺ።» እኔ ግን ስጠነቀቅ ቀንድ አውጣው ሁሉ ድንች እየሆነ አስቸገረኝ።

«ምንድን ነው የምትፈሪው?» አሉኝ።

«ኃጢአቱን።»

«ሠላሳ አራቱን ስትፈርሚ አልፈራሽም?»

«ያኔ ማንም አይጠየቅበትም ብዬ ነበር።»

እትዬ መነጽራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ይሄኛውን ደግሞ ማንም እንዳይጠየቅበት ፈርሚው።»

ስድስት ሰዓት ሲሆን ክፍሉ ውስጥ የማይችለው አልነበረም። በግቢያችን እንዲያ ያለ ዝግጅት አስታውሼ አላውቅም፤ ማንም አልቀረም፣ ማንም አቋርጦ አልወጣም፣ ፈንዲሻም አልነበረም። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ የዚያችን ልጅ ፊርማ ከራሷ አሳምረው የሚፈርሙ አሥራ አንድ ሴቶች አሉ። ወረቀቱን ካቦዋ አኝካ በልጅቷ ውሃ ዋጠችው። «ሰዓቷን በላሁባት» አለች።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ መርማሪው ንጹሕ ወረቀትና ሦስት እስክሪብቶ አቀረበልኝ። ስም ይጠራል፣ እፈርማለሁ፣ ከዝርዝሩ ጋር ያስተያያል። አሥረኛው ላይ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። አሥራ ስምንተኛው ላይ ጓደኛውን ጠራና አብረው ማየት ጀመሩ።

«ይቺ በግራ ናት?»

«በግራ ናት።»

«እይ፣ ቀለሙንም ቀይራለች» አለው ለጓደኛው።

ሃያ ሰባተኛዋን ስም ጠራ። እግዚአብሔርን አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፤ በቃል ጠይቆ በአፌ እንዳያስዋሸኝ። ትንፋሼን ያዝኩ። ዞርኩ፣ ዞርኩ፣ ዞርኩ፣ ጭራውን ሳብኩ፣ ነጥቡን አሳረፍኩ። ተነፈስኩ።

ወረቀቱን አንስቶ ቆየበት። የሚቆይ መሰለኝ እንጂ ምናልባት ከሌላው አልበለጠም።

«ይቺ ቸኩላለች» አለ።

«ፍሬሽ ተማሪ ናት» አልኩት።

«ሃያ ስምንት» ብሎ ቀጣዩን ስም ጠራ።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኛችንም በመታወቂያ ዋስ እንድንወጣ ተባለ። ወንዶቹ ቀድመው ወጡ። በረኛው ጋ የንብረት መረከቢያ ወረቀት ሰጡኝ፤ ቦርሳ፣ መታወቂያ፣ ሞባይል ተረክቤያለሁ ይላል። ሞባይሌ የለም።

«ይፈለጋል። አንቺ ፈርሚና ሂጂ» አለኝ ጽሕፈት ላይ ያለው ፖሊስ።

«ያልተቀበልኩትን ተቀብያለሁ ብዬ አልፈርምም።»

መርማሪው በዚያ ሲያልፍ ሰማኝ። ቆመ። «ለሠላሳ አምስት ሰው ፈርመሽ ለራስሽ አቃተሽ?»

«አዎ ጌታዬ። ይሄኛው የራሴ ነው።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ ተጋጥሞ፣ ነጠላዬ ተስተካክሎ፣ ሁለት ሰዓት ያህል። ካቦዋ ከውስጥ «ምሳ ይላክልሽ?» እያለች ትጮህ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሞባይሉ ከአንድ መሳቢያ ተገኘ። ከፍቼ አየሁት፣ ፈረምኩ፣ ወጣሁ።

ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሠላሳ አራቱ ስግደት ሰጡኝ፤ ብዙ ነበር። ስለ ሃያ ሰባተኛዋ ምንም አላሉም፤ ልጅቷ ደህና መሆኗን ብቻ ጠየቁኝ።

አሁን የምኖረው ክረምቱን ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በምትጠልቅበት አገር ነው። እዚህም ሰበካ ጉባኤ አለን፤ እዚህም መፈረሚያ ወረቀት ይዞራል፤ እዚህም «እባክሽ ለእገሊት ፈርሚላት» የሚል አይጠፋም። «ስትመጣ ትፈርማለች» እላለሁ። ደረቅ ናት ይሉኛል። አልቀየማቸውም።

ባለፈው ጾም ልጅቷ በስልክ ጻፈችልኝ። ተመርቃለች፤ መምህርት ሆናለች። «የሃያ ሰዓቴ ነገር እንዴት ሆነ?» ትላለች፤ ከሥሩ የሚስቅ ፊት አለው። ካቦዋ በልታዋለች ብዬ ልጽፍላት ጀመርኩና ተውኩት። ንጹሕ ወረቀት አውጥቼ ቅጹን በማስመሪያ አሰመርኩ። አገልግሎት፦ ውሃ ማድረስ። ሰዓት፦ ሃያ፣ እንቅልፍን ጨምሮ። የፈጻሚ ፊርማ የሚለውን ባዶ ተውኩት። አሳምሬ እችለው ነበር፤ ግን ራሷ ትፈርመው። የኃላፊ የሚለው ላይ ፈረምኩ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ላክሁላት።

ቀስ ብዬ ነው የፈረምኩት። ማንም አላስቸኮለኝም።