የባዶ ጆንያ መዝገብ

ሠርክአዲስ የማኅበሩን መጋዘን ቁልፍ ከያዘች ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራዋ ክረምት ሲገባ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ማስረከብ፣ እህል ሲደርስ ደግሞ ባዶ ጆንያ ማዋስ ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ ፈተና ጣላትና ከትምህርት ቀረች እንጂ ጭንቅላት አላነሳትም። ሊቀመንበሩ አቶ ቸኮለ ግን ስብሰባ ሲጠራ እሷን የሚያስታውሳት መቀመጫ ሲጎድል ብቻ ነው። ታመጣለች። እግረ መንገዷን በሩ ላይ ቆም ብላ ትሰማለች።

በ2001 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የሰማችው ነገር እንቅልፍ ነሳት። የእርዳታ እህል የሚገዛ አንድ ድርጅት የገበሬዎቹን በቆሎ ከማኅበሩ በቀጥታ ይወስድ ነበር። ዓምና ማኅበሩ አራት ሺህ ኩንታል እሰጣለሁ ብሎ ፈርሞ ሁለት ሺህ እንኳ በወጉ አልሞላለትም። ግማሾቹ መኪኖች ባዷቸውን ተመለሱ። የድርጅቱ ሰዎች ዘንድሮም ከጎደለ ፊታችንን ወደ ሌላ አገር እናዞራለን ብለዋል። ያ ማለት ደግሞ ገበሬው ሁሉ አህያውን እየነዳ ቡሬ ይወርዳል፤ ነጋዴው በጠራለት ዋጋም ሸጦ ይመለሳል። የሠርክአዲስ እናት ወይዘሮ አስካለ ማርያም ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደዚያ ሸጠዋል። እህላቸውን አራግፈው አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱ ታስታውሳለች።

ለመሆኑ ያ አራት ሺህ ከየት መጣ? ዋሸ የሚባል አንድ ሰው እንኳ የለም። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ጨመረ እንጂ፤ ከየጎጡ የተነሳው ሪፖርት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ገበሬውን በቀጥታ ጠይቀህ እንዳትገላገል፣ "ተመስገን፣ ትንሽ አለች" ብሎ ይሸኝሃል። አውድማ ላይ እህል አይቆጠርም፤ ከተቆጠረ በረከቱ ይሸሻል። በዚህ የሚስቅ ካለ፣ የዓመት ልፋቱ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሰማዩ ሲጠቁር ቆሞ አላየም ማለት ነው።

አንድ ቀን ጆንያ ስታድል ሠርክአዲስ እጇ ቀጥ አለ። ምርቱን አልናገርም ያለው ሰው ሁሉ የጆንያውን ብዛት ሳያፍር ይናገራል! ለቤቱ የሚያስቀረውን በቆሎ ጎተራ ይከተዋል፤ ጆንያ የሚጠይቀው ለሚሸጠው ብቻ ነው። አንዱ ጆንያ አንድ ኩንታል ይይዛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማኅበሩ አጣሁት ያለው ወሬ በእግሩ እየመጣ ደጇ ላይ ሲደርሳት፣ እሷ የምትጽፈው ጆንያው እንዳይጠፋ ብላ ነበር። በራሷ ተናደደች። የድሮ መዝገቦቿን አወረደችና አስተያየች። በየዓመቱ ከአሥር ጆንያ ዘጠኙ ሞልቶ ተመልሷል። ዘንድሮ የተጠየቀው ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ነው። እንግዲህ የሚገባው ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ግድም መሆኑ ነው።

ወረቀቷን ይዛ፣ ማንም ሳይጠራት ስብሰባው መሀል ገባች።

"የዘንድሮው ሪፖርት አራት ሺህ አምስት መቶ እያለ አንች በጆንያ ልትሽሪው ነው?" አለ ቸኮለ።

"ሪፖርት በቆሎ ሆኖ አይጫንም፣ አቶ ቸኮለ። መኪኖቹ ባዷቸውን ሲመለሱ እርስዎም ቆመው አይተዋል።"

ቸኮለ ፊቱ ቀላ። ሆኖም እውነት መናገር ከተፈለገ፣ ያን ቀን ከሾፌሮቹ ፊት የተዋረደው እሱ ራሱ ነበር። በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ሄደና ከድርጅቱ ጋር ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ብሎ ፈረመ።

ጥር ሊያልቅ ሲል መቶ ኩንታል ጎደለ። መኪኖቹ ሊመጡ ሦስት ቀን ቀርቷቸዋል። ድሮ ቢሆን እህል ያለህ አምጣ እየተባለ በየጎጡ ጥሩንባ ይነፋ ነበር። ሠርክአዲስ መዝገቧን ገለጠች፤ ጆንያ ወስደው ያልመለሱት አራት ቤቶች ብቻ ናቸው። ሦስቱ ፈልፍለው አልጨረሱም ነበርና ለነገ ቃል ገቡላት። አራተኛው አያ ደረሰ ናቸው። አርባ ጆንያ ወስደው አንድም አልመለሱም።

ደጃቸው ስትደርስ ሽማግሌው ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም።

"ጆንያሽን ፈልገሽ ነው? ያውልሽ ባዶውን። ስብሰባ ላይ ያልሽውን ሰምቻለሁ።"

"ምነው አያ ደረሰ፣ ምን አጠፋሁ?"

"አንች የቆጠርሽው ጆንያ መሰለሽ? የኔን ጓዳ ነው እንጂ! ስሜን ኸነምርቴ ለማን አሳልፈሽ ሰጠሽው?"

ሠርክአዲስ አፈረች። ግማሹ እውነት ነው፤ ለምን እንደምትጽፍ ለአንዳቸውም አልነገረችም።

"ሳላስፈቅድዎ መቁጠሬ እውነት ነው። ስምዎን ግን ለማንም አልሰጠሁም" አለችና ወደ ፍኖተ ሰላም የሄደውን ወረቀት ግልባጭ ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ ዘረጋችላቸው።

ማንበብ አይችሉምና ምራታቸውን ያምሮትን ጠሩ። ያምሮት ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

"አንድ ድምር ብቻ ነው ያለበት፣ አባባ። የማንም ስም የለም።"

"ደኅና አርገሽ አየሽው?"

"አይቸዋለሁ። የለም።"

ሠርክአዲስ ቀስ ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው። ድምሩ ከሞላ ገዢው ለከርሞም ይመጣል፤ ከጎደለ ደግሞ ሁሉም ሰው ተመልሶ ቡሬ መውረዱ ነው አለቻቸው።

"ታዲያ መጀመሪያውኑ ብትነግሪን ምን ነበረበት?"

"ፈራሁ።"

"ምኑን?"

"እንዳትዋሹኝ።"

አያ ደረሰ ድንገት ሳቃቸው አመለጣቸው። "እሱስ እንዋሽሽ ነበር!" አሉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አርባው ጆንያ ሞልቶ በአህያ መጣ። መኪኖቹ አንድም ሳይቀር ጭነው ወጡ፤ እንዲያውም አሥራ ሁለት ጆንያ ተረፈ። ቸኮለ ያገኘውን ሰው ሁሉ ያቅፍ ነበር። ሰው ሲበተን አያ ደረሰ ግን ከመጋዘኑ በር አልተነቃነቁም።

"እንግዲህ ለከርሞ ስንት እንበላቸው?" አሏት።

ሠርክአዲስ ሳቀች። "ገና እኮ ነው አያ፤ መሬቱስ መቼ ታረሰ!"

"ቢሆንም እኔ ሃምሳ ጆንያ ሳያስፈልገኝ አይቀርም።" ወደ መዝገቡ ጠቆሙ። "ጻፊው። በስሜ ጻፊው።"