ጣቶቹ ያልታተሙበት ዱካ

ልጆች፣ ነገሩ የሆነው ካቻምና መስከረም፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ ነው። ከጊምቢቹ በታች ባለች መንደር አንድ ነብር ከጥጃና ከፍየል አልፎ እንሰት ስትፍቅ የነበረች እናት ላይ ወጣ። ሴትዮዋ ጎረቤት ደርሶላት ተረፈች፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጓሮ የሚገባ ሰው ጠፋ። የገበሬ ማኅበሩ ምንሽር ሰጠኝ፤ ጓደኛዬ ላሬቦ ጦሩን ይዞ መጣ። ከእሱ ጋር ማደን የጀመርነው ገና ተማሪዎች ሳለን ነው።

ጭቃው ዱካውን በደንብ ይዞታል። ሦስቱ እግሮች ደህና ናቸው። የቀኝ የፊት እግሩ ግን የመዳፉ ኋላ ጠልቆ፣ ጣቶቹ እምብዛም አልታተሙም። የተማሪ ደብተር እንደማርም ጎንበስ ብዬ ስቆይ ላሬቦ፣ «መምህር፣ ልታርመው ነው ልትገድለው?» አለኝ።

እንዲህ ነው። ስንራመድ ተረከዛችን ቀድሞ ያርፋል፤ ቁርጭምጭሚት ሲታጠፍ ክብደታችን ወደ ፊት ይሻገርና በአውራ ጣት ገፍተን እንነሳለን። መገጣጠሚያው ከደረቀ ክብደቱ እንደ ልብ አይሻገርም፤ እንደ አደራረቁ አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል። የነብር እግር ቅርጹ ቢለይም ነገሩ ያው ነው። የዚህኛው አንጓ፣ ምናልባት ወጥመድ ይዞት፣ ደርቋል።

ዱካው ትልቅ ዋንዛ ካለበት የእንሰት ጓሮ አደረሰን። በእኛ አገር ነብር የሚያድን ሰው ዛፍ ሲያይ ቀና ይላል፤ ነብር ከላይ ነው የሚወርደው። ላሬቦም ጦሩን ወደ ቅርንጫፎቹ አንሥቶ ተጠጋ። እኔ ግን ያ የማይታጠፍ እግር ትዝ አለኝ። በዚያ እግር ግንድ ላይ እንዴት ይወጣል?

«ላሬቦ፣ ታች ነው፤ ታች እይ» አልኩት።

ጦሩን ሲያወርድ ከዋንዛው ሥር የተከመረው የደረቀ የእንሰት ቅጠል ተነሣ። ነብሩ ላሬቦ ደረት ላይ ሊወጣ ሲል ጦሩ ተቀበለው፤ እየወደቀ የላሬቦን ቁርጭምጭሚት ነከሰ። አፈሙዙን ነብሩ ጆሮ ሥር አስጠግቼ ተኮስኩ።

ላሬቦን በቃሬዛ ሆሳዕና አደረስነው። እግሩ ተረፈ፤ ቁርጭምጭሚቱ ግን አይታጠፍም።

ከዚያ ወዲህ ዱካ ሳይ፣ ባለቤቱ ወዴት ሄደ ብቻ ሳይሆን የቱ ጋ ያመዋል ብዬም እጠይቃለሁ። ትናንት ወደዚህ ስመጣ ጭቃው ላይ አንድ ዱካ ቀድሞኛል፤ ተረከዙ ጠልቆ አውራ ጣቱ አልታተመም። ወትሮ ከማውቀው በላይ ጠልቋል። እርምጃዬን አፋጠንኩ። ላሬቦ አንድ ጆንያ በቆሎ ተሸክሞ ዳገቱ ላይ ቆሟል።

«ዛሬም ልታርም ነው?» አለኝ።

ጆንያውን ወደ ትከሻዬ አዛወርኩት።