ለስኳር በሽተኛ ቤት ስኳር የለም

ልጆቼ ይህን ታሪክ ሲያወሩት ይስቃሉ። ስለዚህ በደሉን አስቀድሜ ልጻፈው። በደርግ ጊዜ ባሌን የስኳር በሽታ ያዘውና የገበሬ ማኅበራችን የቤታችንን የስኳር ድርሻ ከለከለን። ስኳር ያኔ ለየቤቱ እየተመደበ ከማኅበሩ ሱቅ ይሸጥልን ነበር። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ባሌ ብቻውን አልነበረም፤ እኔ አለሁ፣ ልጆች አሉ፣ ዓይናቸው የጠፋ አማቴ አሉ። የአንድ ሰው በሽታ የሁላችንን ድርሻ የሚያስቀርበት ፍርድ የት አገር እንዳለ አላውቅም።

በሽታው የጀመረው በውኃ ጥም ነው። ሰውየው ከእርሻ ሲመለስ እንስራውን ሊጨርሰው ይደርሳል። ሌሊት ደጋግሞ ይወጣል፤ ጠዋት ሽንቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ጉንዳን ይሰፍራል። ያ ሁሉ ገላ ቀልጦ እጀ ጠባቡ ላዩ ላይ ተንጠለጠለ። ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ድንጋጤ ነው አለች። ሌላዋ ጣፋጭን የሚያባርረው መራራ ነው ብላ ግራዋ አስቀጠቀጠችኝ። እኔም በራሴ አብሽ እየዘፈዘፍኩ ጠዋት ጠዋት አጠጣው ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ በሽታው እንኳ እንዲህ አላማረረኝም» ይለኛል ፊቱን አጨማዶ።

«ጠጣና ሂድ። አንተ ብትሞት በማን ላይ ልቆጣ ነው?» እለዋለሁ።

በመጨረሻ በቅሎ ለምኜ ንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። የጤና ረዳቱ ኪኒን ሰጠው። አብሹን ከወደደው ይጠጣ፣ ኪኒኑን ግን እንዳያቋርጥ አለ። አብሹም ሳይረዳው አልቀረም እላለሁ እኔ፤ ልጆቼ ዛሬም ይከራከሩኛል።

«ይህ ሰው ስኳር የሚቀምሰው ለዓመት በዓል ነው። ከየት መጣበት?» ብዬ የጤና ረዳቱን ተሟገትኩት።

«ከመብላት ብቻ አይመጣም። ቆሽታቸው ደክሞ ነው።»

ባሌ ሳቀ። «የእኔስ ይድከም። ሲያርር የሚውለው የእሷ ነው» አለው።

የጤና ረዳቱ ግን ወደ እኔ ዞሮ አስጠነቀቀኝ። ኪኒኑን ውጦ ምግብ ከዘገየበት በደሙ ያለው ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል። ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ቶሎ ስኳር በጥብጬ እንዳጠጣው፣ ስኳርም ከቤቴ እንዳይጠፋ ነገረኝ።

ይህን ለሰፈሩ ማን ያስረዳ? የስኳር በሽተኛ ጣፋጭ ከቀመሰ ይሞታል ብለው ቆርጠዋል። ዝክር ቤት ጠላው ሳይቀር ከእጁ ይነጠቃል፤ ሕፃናቱ እንኳ አፉን ይጠብቁታል። ስኳር የመጣ ቀን ተሰልፌ ሱቁ ደጃፍ ስደርስ ለእናንተ ቤት የለም ተባልኩ። የወሰነው ሊቀ መንበሩ ነው። እሱም የባሌ የወንድም ልጅ፣ እኛ ጓዳ እየዋለ ያደገ።

«እትዬ፣ ለጋሼ ብዬ እኮ ነው» አለኝ።

«ለጋሼህ ከሆነ የእሱን አስቀር። አያትህ ምን አደረጉህ?»

«ቤት ከገባ እሱም ይቀምሳል።»

«ነገ ደግሞ ጨጓራ ያመመው ቤት በርበሬ ትከለክላለህ?»

ሰልፈኛው ሳቀ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

የነቢያት ጾም ገባ፤ ገብስ የሚወቃበት ጊዜ ነው። የነፍስ አባታችን ኪኒን የሚውጥ ሰው ሳይበላ አይዋል ብለው ፈቅደውለታል። እሱ ግን ጎረቤት እየጾመ መብላት ያፍራል። አንድ ጠዋት ኪኒኑን ዋጠና የሰጠሁትን ቂጣ ለውሻው ጥሎ አውድማ ወረደ። እኔም ገለባ ልጠርግ ተከትዬ ወርጄ ነበር፤ በሬዎቹን እየነዳ ሳለ ዞረበት። ላቡ ይንቆረቆራል፣ እኔን እናቴ ይለኛል። ለወንፈል ከመጡት አንዱ ሰክሯል አለ፣ ሌላው ጠበል አምጡ አለ። ሊቀ መንበሩም መንሹን ይዞ እዚያው ቆሟል።

«ቤትህ ስኳር አለ፣ ሮጠህ አምጣ» አልኩት።

«ሊገድሉት ነው?» ብሎ ደርቆ ቀረ።

ጎረቤቴ ቤት ገብቼ ማሯን ሳላስፈቅዳት በእጄ ዝቄ ተመለስኩ። ባሌ መዋጥ አላቃተውም፤ በጥቂት በጥቂቱ አላስኩት። ሊቀ መንበሩ እጄን ሲይዘኝ ነከስኩት። ጥቂት ቆይቶ ባሌ እንደ ሰው አየኝ።

«ከሰዓቱ በፊት ጾሜን አስገደፍሽኝ?» አለ።

«የገደፈስ ውሻው ነው፤ ቂጣህን በልቶ ተኝቷል» አልኩት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስቼ ተናገርኩ። ምጽዋት አልጠየቅኩም፤ ድርሻችን ይመለስ ነው ያልኩት። ተመለሰ። በምን ፍርድ እንደ ከለከሉን ግን የነገረኝ የለም። ሊቀ መንበሩን መንገድ ላይ ባገኘሁት ቁጥር «መልሴስ?» እለዋለሁ። አቀርቅሮ ያልፋል።

«ስኳሩን አግኝተሻል፤ ልጁን ተይው» ይለኛል ባሌ። አልተውኩትም።

አንድ ቀን ደጃፌ ምስር ስለቅም ሊቀ መንበሩ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ከምስሩ ጠጠር ይለቅምልኝ ጀመር።

«እትዬ፣ አባቴም ሊሞት ሰሞን እንዲሁ ውኃ ውኃ ይል ነበር» አለኝ በኋላ። «ማር በጥብጥልኝ አለኝ። ልጅ ነበርኩ፤ ደስ ይበለው ብዬ አብዝቼ በጠበጥኩለት። በማግስቱ ሞተ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስኳሩን የከለከልኳችሁ ጋሼም በእጄ እንዳይሞትብኝ ብዬ ነው።»