በሩ እምቢ ያለ ዕለት

የሥራ ባልደረቦቿ «ለኪዋ» ይሏታል። በሥነ ፈለክ ምርምር ተቋሙ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ፣ ተራራው ላይ ያለው ቴሌስኮፕ ያነሳቸውን ምስሎች ትለካለች። ላለፉት ዓመታት ዓይኗን የሰጠችው ለአንድ ሩቅ ጋላክሲ ነው። ከቁጥር በቀር ስም የለውም። ክንዶቹ እንደ ውሃ አዙሪት የተጠማዘዙ ናቸው፤ መሃሉ በአሮጌ ከዋክብት ብርሃን ቀላ ይላል፣ ክንዶቹ ደግሞ አዳዲስ ከዋክብት ስለሚወለዱባቸው ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ ስልሳ ሚሊዮን ዓመት ያህል ተጉዟል። ለኪዋ ግን አንድም ቀን ተራራው ላይ ወጥታ አታውቅም።

ምክንያቱ አባቷ ናቸው። ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሲሆኑ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የማስታወስ ችሎታቸው እየደከመ፣ ዛሬን ከድሮ መለየት ተስኗቸዋል። ጠዋት ጠዋት የድሮ የሥራ ጃኬታቸውን ለብሰው፣ «ተሳፋሪው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው» ብለው ይነሳሉ። አንድ ቀን ሰፊው አስፋልት መሃል ቆመው መኪና ሲያስተላልፉ ተገኙ። ከዚያ በኋላ ለኪዋ ከውስጥም ከውጭም ያለ ቁልፍ የማይከፈት መቆለፊያ አስገጠመች። ሥራ ስትሄድ ቆልፋባቸው ትወጣለች። ደረጃውን ስትወርድ በሩን ሲደበድቡ ትሰማለች፤ እርምጃዋን ታፈጥናለች።

በዚያ ሰሞን አለቃዋ ጠራትና፣ «ጋላክሲሽን ሊያነሱት ነው፤ ከቡድኑ ጋር ተራራው ላይ ትወጫለሽ» አላት። በደስታ የምትሆነው ጠፋት። ሌላ ከተማ ያለው ወንድሟ መጥቶ አባታቸውን ሊጠብቅ ቃል ገባ፤ በዋዜማው ደግሞ ደውሎ፣ «እህቴ ሙች፣ ሥራ ያዘኝ» አላት። ደግነቱ የሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ፣ «አንቺ ሂጂ፣ እኔ አብሬያቸው እሰነብታለሁ» አላት።

ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ በሩን ልትከፍት ቁልፉን ስታዞር፣ ቁልፉ ቀጭ ብሎ ተሰበረና ግማሹ መቆለፊያው ውስጥ ቀረ። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። ታች የተቋሙ መኪና ጥሩምባ ይነፋል። ልብስ ሰፊው በውጭ በኩል በመቀሱም በትከሻውም ሞከረ፤ በሩ ንቅንቅ አላለም። መቆለፊያውን የገጠመላት ቁልፍ ሠሪ ሲደወልለት፣ «ሌላ ሥራ ላይ ነኝ፣ ከሰዓት እደርሳለሁ» አለ።

አለቃዋ በስልክ፣ «ብንጠብቅሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቴሌስኮፑ የተሰጠን ለዛሬ ነው» አላት። ከዚያ የመኪናው ድምፅ እየራቀ ሄደ።

ለኪዋ በሩን በቡጢዋ ደበደበች። አባቷም ጃኬታቸውን እንደለበሱ መጥተው፣ አጠገቧ ቆመው መደብደብ ጀመሩ።

«አንቺንም ቆለፉብሽ?» አሏት በሹክሹክታ።

መደብደቧን ተወች። «አዎ፣ አባዬ።»

«እኔንማ ሁልጊዜ ነው። ማን እንደሆነ ግን አላውቅም።»

በሩን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ እሳቸውም እያቃሰቱ አጠገቧ ተቀመጡ።

«የት ልትሄጂ ነበር?»

«አንድ ጋላክሲ ላይ። ማለቴ፣ እሱን ለማየት። ብዙ ቢሊዮን ፀሐይ ተሰብስቦ የሚዞርበት ነው።»

«ይሄን ሁሉ የሚዘውረው ሹፌር ማነው?»

ሳቋ አመለጣት። «ሹፌር የለውም። ግን አንድ ጎኑ ወደ እኛ እየቀረበ፣ ሌላው ጎኑ ከእኛ እየራቀ እንደሚዞር ከብርሃኑ እናውቃለን። ዳር ያሉት ከዋክብት በጣም ይፈጥናሉ፤ በሚታየው ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ተስፈንጥረው በወጡ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አይወጡም?»

«የማይታይ ነገር ይዟቸዋል፤ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም።»

«እኔ ብሆን ፍሬን እይዝ ነበር» አሉና ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እንዳይነቁ ሳትነቃነቅ፣ እግሯ እስኪደነዝዝ ቆየች።

ቁልፍ ሠሪው ከሰዓት መጥቶ መቆለፊያውን ነቀለ። «ከዚህ የበለጠ ጠንካራ አለኝ፤ እሱን ልግጠም?»

«አይሆንም። በእጅ የሚከፈት ይሁን።»

«አባትሽ ቢወጡስ?»

«ይውጡ። እኔ እከተላቸዋለሁ።»

ለመከተል ግን ቤት መዋል ነበረባት። አለቃዋን ለመነች፤ እያንገራገረ ኮምፒውተሩን ቤት ወስዳ እንድትሠራ ፈቀደላት። አሁን የምትሠራውም የምትተኛውም በቤታቸው ባለችው አንድ ክፍል ነው። አባቷ በቀን ብዙ ጊዜ በሩን ይከፍታሉ፤ እሷም ሥራዋን ጥላ ትነሳለች። አንዳንዴ እልህ ይይዛትና ትጮህባቸዋለች፤ ከዚያ ይቆጫታል።

ባልደረቦቿ ያመጡት ምስል ጥርት ያለ ነበር። ከዚህ በፊት ደብዛዛ ሆኖ ያስቸገራት ክንድ በአቧራ የተሸፈነ መሆኑን አየች፤ ልክ እንደዚያ እንደሚሆን ገምታ አታውቅም ነበር። አለቃዋ ትናንት ደውሎ፣ «ቴሌስኮፑ ለሌላ ቀን ደግሞ ተመድቦልናል፣ ስምሽን ላስገባ?» አላት። «ነገ ልንገርህ» አለችው። ነገ የተባለው ዛሬ ነው። እስካሁን ስልኩን አንስታ አልደወለችለትም፤ ምስሉን አጉልታ፣ አቧራው የሚያልቅበትን ጠርዝ እየፈለገች ነው።