ወንዶቹ የተምር ዛፎች

በደርግ ጊዜ፣ የስድስት ወር ኮርስ ወስጄ፣ ገዋኔ አጠገብ አዋሽ ዳር የግብርና ልማት ሠራተኛ ሆኜ ተመደብኩ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሙቀቱ ያቅበጠብጠኛል፣ በየወሩ የሚላከው ሪፖርት ያቅበጠብጠኛል። የማውቀው ጤፍና ስንዴ ነው። ተምር በሰሃን እንጂ በዛፍ አይቼ አላውቅም፤ አላውቅም ማለት ግን ሞቴ ነበር።

ከወሎ መጥተው ወንዙ ዳር ያረጁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በአካባቢው ተምር ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። አስራ ስድስት ዛፍ፤ የዓመት ቀለባቸው እሱ ነው። ሁለቱ ዛፎች ግን ፍሬ ሰጥተው አያውቁም።

"አባቴ፣ እነዚህ ውሃ ከመጠጣት በቀር ምን ይሠራሉ? ይቆረጡ" አልኳቸው።

"ጓድ፣ ይቆዩ። ወንዶቹ እኮ ናቸው።"

ሳቅኩባቸው። ዛፍ ደግሞ ወንድና ሴት አለው እንዴ! ለለቅሶ ወሎ በሄዱበት ሳምንት የገበሬ ማኅበሩን ሰዎች ይዤ ሁለቱንም አስቆረጥኩ። ፍሬ አልባ ዛፎች ተወገዱ ብዬ የጻፍኩት የወሩ ሪፖርቴ አማረ።

ሲመለሱ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ብለው ጉቶው ላይ ቁጭ አሉ። አልተቆጡኝም። በየዓመቱ የሚያደርጉትን ብቻ አስረዱኝ፦ አበባው ሲፈነዳ በገመድ ዛፉ ላይ ይወጣሉ፣ የወንዱን አበባ በእጃቸው ከሴቷ አበባ መሃል ያስራሉ። ያ ካልተደረገ የሚበላ ፍሬ የለም። አበባው ሊፈነዳ የቀረው ደግሞ ሳምንት ነው።

ወይ ነዶ። አሳይታ ተምር ሞልቷል ስላሉኝ ጭነት መኪና ለምኜ ተሳፈርኩ። ዛሬ ሰመራ ያለችበት ባዶ ሜዳ ላይ መኪናው ተበላሽቶ ሁለት ቀን ቆምን። እኔ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፣ ሹፌሩ "አንተ ሰውዬ፣ አንተ ስለተንቆራጠጥክ ሞተሩ አይነሳም፤ ተቀመጥ" ይለኛል። አሳይታ አንዲት የአፋር እናት የወንድ አበባ በጨርቅ ጠቅልለው በነፃ ሰጡኝ። "የናንተዎቹ ምን ሆኑ?" ሲሉኝ "ደረቁ" አልኩ።

መመለሻ መኪና ስጠብቅ ቆይቼ በአስራ አንደኛው ቀን ተመልሼ ደረስኩ። ሽማግሌው ገመዳቸውን ታጥቀው ወጡ። ከአስራ አራቱ የሦስቱ አበባ ብቻ ትኩስ ነበር፣ የሌሎቹ ጊዜው አልፏል። እነዚያ በኋላ ያንጠለጠሉት ፍየል እንጂ ሰው የማይበላው ኮስማና ፍሬ ነበር።

ከበላይ "ምርቱ ለምን ወደቀ?" የሚል ደብዳቤ መጣ። ያን ጊዜ አሻጥር የምትባል ቃል ሰው ታሳስር ነበር። ፈራሁ፣ ግን እውነቱን እጽፋለሁ ብዬ ወረቀቱን ይዤ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ።

"ባለቤቱ ራሱ ባለማወቅ ቆረጣቸው ብለህ በእኔ ላይ ጻፍ" አሉኝ። "እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ገሥጸው ይተዉኛል። አንተን ካነሱህ ሌላ ይልኩብኛል፤ እሱም የማያውቀውን ይቆርጣል። አንተ ቢያንስ አሁን አውቀሃል።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እዚያው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጬ እንዳሉኝ ጻፍኩ። እሳቸውም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙልኝ።